ሸኽ ዙሀይር የለቀቁት ቤት

በሻም ምድር፣ ከዮርዳኖስ ሸለቆ ወደ ምዕራብ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ትንፋሽ በሚያስቆርጥበት፣ ከኮረብታ ጀርባ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። ታሪኩን ካወረሱን ሰዎች አንዳቸውም ስሟን አልያዙትም፤ እኔም ከራሴ ስም አላወጣላትም። ከተማ ትባል እንጂ ያላት አንድ መስጂድ፣ አንድ ምንጭ፣ ጁሙዓ ጁሙዓ የሚቆም ገበያና አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ የተደገፉ የሚመስሉ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ዙሪያዋን ዘይቱን የሚባለው የወይራ ዛፍ ከቧታል። ሰዎቿ ከዘይቱን ይበላሉ፣ በዘይቱን ያበራሉ፣ ልጆቻቸውንም በዘይቱን ይድራሉ።

በዚያች ከተማ ሸኽ ዙሀይር የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። "ሸኽ" ያሰኛቸው ኪታብ ማስቀራታቸው አልነበረም፤ እድሜያቸውና ታማኝነታቸው እንጂ። ሥራቸው ዘይት ጨምቆ መሸጥ ነው። ገዢ ሲመጣ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት የትኛው ማሰሮ ከሥሩ አተላ እንደያዘ ይናገራሉ። ከእሳቸው የሚገዛ ሰው ዘይቱን መቅመስ እንደማያስፈልገው በዙሪያው ያሉ መንደሮች ሁሉ ያውቁ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ስማቸው የሚነሳው በእንግዳ ተቀባይነታቸው ነው። ከተማዋ ውስጥ መንገደኛ ከገባ የሚያድረው እሳቸው ቤት ነው፤ በዚህ ማንም አይሽቀዳደማቸውም፣ ማንም አይቀናባቸውም።

ታሪኩን ወደ እኛ አገር ይዘውት የመጡት የወሎው ሸኽ አብዱረሂም ይማም ናቸው። ነገሩ ሲሆን ግን ገና ጢማቸው ያልሞላ ደረሳ፣ የኪታብ ተማሪ፣ ስለነበሩ፣ ክብራቸው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እንደዚያው ዘመን አብዱረሂም እያልኩ ልቀጥል።

አብዱረሂም ሐጁን ከፈጸመ በኋላ በይተል መቅዲስን፣ ዐረቦች አል-ቁድስ የሚሏትን ኢየሩሳሌምን፣ ሳያይ መመለስ አልሆነለትም። ወደ ሰሜን የሚሄዱ ነጋዴዎችን ተከትሎ ከሒጃዝ ተነሳ። መንገዱ ሳያልቅ ጫማው አለቀ። ሸለቆው ጋ ሲደርሱ የግራ እግሩ ተረከዝ ተሰንጥቆ መግል ያዘ። ነጋዴዎቹ ትንሽ ታገሡት፤ ከዚያ በላይ ግን ለግመሎቻቸውም ለሸቀጣቸውም አልሆነላቸውም። ውኃና ተምር ትተውለት፣ አፉ በሉን ብለውት ሄዱ። እሱም አልተቀየማቸውም። ብትሩን ተመርኩዞ፣ ጥቂት እየሄደ ብዙ እያረፈ፣ ዳገቱን ብቻውን ተያያዘው።

በርታ ያለው አንድ ተስፋ ነበር። ከአገሩ ሲነሳ ያቀሩት ሸኽ አህመዲን፣ በፊት ሐጅ ካደረጉት ከገዛ አስተማሪያቸው የሰሙትን ነግረውት ነበር። "ከሸለቆው ወጥተህ ኮረብታው ለሁለት የተከፈለ የሚመስልበት ስትደርስ አንዲት ትንሽ ከተማ ታገኛለህ" አሉት። "እዚያ የመንገደኞች ቤት አለ። በሩ ግመል ከነጭነቱ ያስገባል። ግቢው ውስጥ ከአንድ አለት የተፈለፈለ፣ ሦስት አፍ ያለው የውኃ ገንዳ አለ። ያቀሩኝ ሸኼ ከሌሎች የሐበሻ ሑጃጆች ጋር አርፈውበታል። ቤቱ ለመንገደኛ ወቅፍ ነው፤ ማን ነህ፣ መቼ ትሄዳለህ ብሎ የሚጠይቅህ የለም።"

ወቅፍ ምን እንደሆነ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ሰው የራሱን ንብረት ለአላህ ብሎ ለበጎ ነገር ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ያ ንብረት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ልጅም አይወርሰውም።

አብዱረሂም ከተማዋ ሲደርስ የዐስር ሶላት ተሰግዶ ሽማግሌዎች ከመስጂዱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዐረብኛው ከኪታብ የተማረው ስለሆነ አነጋገሩ የጁሙዓ ኹጥባ የሚሰብክ ያስመስለው ነበር። ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ፤ ግን ገባቸው።

"የመንገደኞች ቤት የት ነው?" አላቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። "እንዲህ የሚባል ቤት የለንም" አለው አንደኛው። "መንገደኛ ከሆንክ ግን ሸኽ ዙሀይር አሉልህ። ና ላድርስህ።"

ሸኽ ዙሀይር እግሩን እንዳዩ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ግቢው ውስጥ አስቀምጠው ውኃ አስሞቁ። ባለቤታቸው ኡሙ ጋሊብ የምስር ሾርባ፣ እንጀራቸው የሆነውን ስስ ዳቦና የተዘፈዘፈ ዘይቱን አቀረቡ። ሸኹ ራሳቸው ተንበርክከው ቁስሉን አጠቡለት፤ ከዚያም ዘይት እያሞቁ በቀስታ ያፈሱበት ጀመር።

አብዱረሂም ሕመሙ በረድ ሲልለት ቀና ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። የገባበት በር ሰው ብቻ የሚያስገባ ነበር፤ ከላይ ያለው የድንጋይ ቅስት ግን ከበሩ በጣም ይሰፋል። የቅስቱ ግማሽ በኋላ ዘመን በመጣ፣ ቀለሙ በተለየ ድንጋይ ተደፍኗል። ዓይኑን ወደ ግቢው መለሰ። ከበለስ ዛፍ ሥር ከአንድ አለት የተፈለፈለ ገንዳ አለ። ሁለቱ አፎቹ በጭቃ ተደፍነዋል፤ ከሦስተኛው ፍየሎች ይጠጣሉ።

"አልሐምዱሊላህ" አለ ደስ ብሎት። "ሰዎቹ የለም አሉኝ እንጂ ቤቱ ይኸው ነው።"

"የትኛው ቤት ልጄ?" አሉ ሸኽ ዙሀይር።

እሱም በየዋህነት ከሸኽ አህመዲን የሰማውን ሁሉ ነገራቸው። በሩን፣ ገንዳውን፣ የሐበሻ ሑጃጆችን፣ ወቅፍ መሆኑን። እየተናገረ ሳለ በተረከዙ ላይ ይፈስ የነበረው ዘይት ቆመ። ቀና ሲል የሸኹ እጅ አየር ላይ ቆሟል። ኡሙ ጋሊብም ዳቦ እንደያዙ ቆመዋል።

"ብላ ልጄ" አሉ ሸኹ በመጨረሻ። "ምግቡ ይቀዘቅዝብሃል።"

እሳቸው ግን አልበሉም።

በኋላ እንደነገሩት፣ በዚያች ቅጽበት ፊታቸው ላይ የመጣው አያታቸው ነበሩ። ሸኽ ዙሀይር ሕፃን ሳሉ አያታቸው በየቀኑ መግሪብ ሲቃረብ በሩ ላይ ቆመው ወደ ሸለቆው የሚወርደውን መንገድ ይቃኙ ነበር። የሚመጣ ሰው እንደሌለ ሳያረጋግጡ ማዕድ አይቀርቡም። መንገደኛ ብቅ ሲል ደግሞ ወደ ውስጥ ዞረው "ባለቤቶቹ መጡ" ብለው ይጣራሉ። ልጆቹ ይህን የአያታቸው ቸርነት የወለደው አክብሮት አድርገው ነበር የሚያውቁት። ከዚያ በዚያ መንገድ ዘረፋ በዛ፤ ሑጃጆች በሌላ በኩል መሄድ ጀመሩ። አያትየው ሞቱ። አባትየው የማያስፈልገውን ትልቅ በር በግማሽ ደፈኑት። ዙሀይርም አደጉ፣ ወለዱ፣ ሸመገሉ። ቤቱ የአባቴ ነው አሉ፤ አባታቸውም ኖረውበት ነበር።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሸኽ ዙሀይር አህያቸውን ጭነው አብዱረሂምን አስቀመጡትና ከከተማዋ ጫፍ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ወሰዱት። ሐምዳ ይባላሉ። ከከተማዋ ሰው ሁሉ በእድሜ የሚበልጡ፣ ዓይናቸው ከጠፋ የቆየ፣ በእጃቸው ግን አሁንም ቅርጫት የሚሠሩ ሴት ናቸው። ሸኹ ከደጃቸው ተቀምጠው ሰላምታ ሰጡ።

"እናቴ ሐምዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ መጣሁ። አያቴ የሚኖሩበት ቤት የማን ነበር?"

የአሮጊቷ ጣቶች ቅርጫቱ ላይ ቆሙ።

"እናቴ በዚያ ገንዳ የሑጃጆችን ልብስ ታጥብ ነበር" አሉ። "አያትህ ጠባቂ ነበሩ። እኔ ልጅ ሳለሁ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማን ጠየቀኝ? ደግሞም አባትህ ደግ ሰው ነበሩ፤ አንተም ደግ ሰው ነህ። ክረምት በገባ ቁጥር ዘይት ትልክልኛለህ። ለደግ ሰው 'ቤትህ ያንተ አይደለም' ብሎ የሚናገር ምላስ ከየት ይመጣል?"

ሸኽ ዙሀይር የሐምዳን እጅ ስመው ተነሱ። አብዱረሂም እስከ ቤት ድረስ አህያው ላይ ሆኖ የመጣበትን ቀን እየረገመ ነበር። አጥቦ፣ አብልቶ፣ አልጋውን ለቆ ያስተኛውን ሰው በአንድ ወሬ ቤቱን እያሳጣው እንደሆነ ገብቶታል። ግቢው ሲደርሱ ከአህያው ሳይወርድ ተናገረ።

"ያ ሸኽ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ሰፊ በር ያለው ቤት ብዙ ነው። ሸኼም ከሰው የሰሙት ነው።"

"ተሳስተሃል?" አሉት።

አብዱረሂም ዓይኑን ወደ ገንዳው መለሰ።

"ካልተሳሳትክ፣ በውሸት ቤት አትግዛልኝ" አሉና አወረዱት።

ወሬው ለቤተሰቡ የተነገረው በዚያው ቀን ከዙህር በኋላ ነው። የሸኹ ልጅ ጋሊብ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በግቢው ቀኝ ባሉት ክፍሎች ይኖር ነበር። ጋሊብ መጥፎ ሰው አልነበረም። ሠራተኛ ነው፤ የአባቱን የዘይት መጭመቂያ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው፤ ያን የግቢውን ጎን በገዛ እጁ ድንጋይ እየጠረበ ያደሰው እሱ ነው። አባቱ ተናግረው እስኪጨርሱ አዳመጠ።

"በአንድ መንገደኛ ወሬና በአንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ቃል?" አለ። "እኛ የነጠቅነው ሰው አለ? የተከሰሰ ሰው አለ? አባቴ፣ ልጆቼን የት ላድርጋቸው?"

"መጭመቂያው ጋ ያለው ክፍል አለ።"

"እሱ የማሰሮ ክፍል ነው።"

"ማሰሮዎቹን እናወጣለን።"

ጋሊብ ተነስቶ ወጣ። ኡሙ ጋሊብ ግን እዚያው ተቀምጠው ቀሩ። በዚህ ቤት ሙሽራ ሆነው ገብተዋል፤ በዚህ ቤት ወልደዋል፣ ከዚህ ቤትም ልጅ ቀብረዋል። አብዱረሂም ከአልጋው ሆኖ ሲያለቅሱ እሰማለሁ ብሎ ጆሮውን ለመድፈን ተዘጋጅቶ ነበር። አላለቀሱም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉ ባላቸውን። "የበለሱ ዛፍስ የማን ነው? እሱን እኔ ነኝ የተከልኩት።"

ሸኹ አሰቡ። "መሬቱ የመንገደኞቹ ነው፤ ዛፉ ያንቺ ነው። ከወደድሽ ሶደቃ አድርጊው።"

"ወድጃለሁ" አሉ ኡሙ ጋሊብ። ከዚያ ተነስተው ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። አብዱረሂም በስተርጅናው ይህን ሲያወራ፣ የሸኽ ዙሀይር ነገር ያስደንቀኝ ነበር፣ የኡሙ ጋሊብ ግን አስፈራኝ ይል ነበር።

ሸኽ ዙሀይር ሳይታወቅ ወጥተው መሄድ አልፈለጉም። ቤቱ ለመንገደኛ እንደሚመለስ የከተማዋ ሰው እንዲያውቅ ጁሙዓ ዕለት ከሶላት በኋላ ነገሩን በይፋ ለመናገር ቀጠሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ጋሊብ ወደ አብዱረሂም መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

"እግርህ እንዴት ነው?"

"ለአላህ ምስጋና ይግባው፤ እብጠቱ ቀንሷል።"

"በእግርህ አል-ቁድስ አትደርስም።" ጋሊብ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጠንካራ በቅሎ አለችኝ። ስንቅም አዘጋጅልሃለሁ፤ የሚሸኝህ ሰውም አለ። ነገ ኢማሙ ሲጠይቁህ 'ሸኼ የነገሩኝ ስለ ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል' በል። ዋሽ አላልኩህም። ሊሆን ይችላል ብቻ በል። የሽማግሌውን እርጅና ታድንልኛለህ።"

አብዱረሂም በኋላ ዘመን ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ እውነቱን አይደብቅም ነበር፤ ያን ቀን ልቡ ወደ ጋሊብ አጋድሎ ነበር። በቅሎዋን ፈልጎ አይደለም፤ ወይም በቅሎዋን ብቻ ፈልጎ አይደለም። ሸኹን ወዷቸዋል። "ሊሆን ይችላል" ብትባል ማንን ትጎዳለች ብሎ ከራሱ ጋር ተሟገተ።

ጁሙዓ ደረሰ። ሶላቱ አልቆ ሰው ሳይበተን ሸኽ ዙሀይር ተነስተው ቤቱ ወቅፍ መሆኑን እንደተረዱና እንደሚለቁት ተናገሩ። መስጂዱ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። ኢማሙ አስተዋይ ሰው ነበሩ፤ ሸኹንም ያከብሯቸው ነበር።

"ሸኽ ዙሀይር" አሉ ኢማሙ። "በዚህ ማስረጃ ቃዲ ዘንድ ብንሄድ ማንም ከቤትዎ አያስወጣዎትም።"

"ያስወጣኝ ሰው የለም" አሉ ሸኹ። "እኔ ነኝ የምወጣው።"

"መልካም። ግን እስቲ ይንገሩኝ፤ ድሮም ቢሆን መንገደኛው ሁሉ የሚያርፈው እርስዎ ዘንድ አይደለም? ያበሉታል፣ ያጠጡታል፣ ያስተኙታል። ቤቱ ወቅፍ ቢሆንስ ከዚህ ሌላ ምን ይደረግበት ነበር? እርስዎ ቢወጡ ምን ይለወጣል?"

ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

"እኔ ስሞት ቤቱን ጋሊብ ይወርሳል" አሉ ሸኽ ዙሀይር ቀስ ብለው። "ጋሊብ እንግዳ ይወዳል። ልጁም ይወድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን አንድ መንገደኛ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ 'ቦታ የለም' ይባላል። ያን ጊዜ እኔ ቀብሬ ውስጥ ነኝ። ተነስቼ ልከፍትለት አልችልም።"

ኢማሙ ወደ አብዱረሂም ዞሩ። "ልጄ፣ አንተ ያየኸው አይደለም፤ የሰማኸው ነው። ሸኽህ የነገሩህ ስለዚች ከተማ፣ ስለዚያ ቤት መሆኑን እርግጠኛ ነህ?"

ጋሊብ ከአምዱ ሥር ሆኖ አየው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ልመና ነበር። አብዱረሂም ወደ ሸኽ ዙሀይር ተመለከተ። እሳቸው ግን መሬት መሬት እያዩ ነበር። ቃሉን ለእሱ ተዉለት፤ በዓይናቸው እንኳ ሊጫኑት አልፈለጉም። ይህ ነው ያሸነፈው።

"የሰማሁትን ሰማሁ እላለሁ፤ ያየሁትን አየሁ እላለሁ" አለ። "ከሸኼ የሰማሁት ሰፊ በርና ሦስት አፍ ያለው ገንዳ ነው። በሩንም ገንዳውንም ሳላያቸው አውቃቸው ነበር። ከዚህ የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም።"

ከዚያ አለቀሰ። ጋሊብ መስጂዱን ጥሎ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ማሰሮዎቹ ከመጭመቂያው ክፍል ወጡ፤ ሸኽ ዙሀይርና ኡሙ ጋሊብ ገቡ። ክፍሉ አንድ ነው፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው የብዙ ዘመን ዘይት ጠጥቷል። ጋሊብ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ አማቶቹ ቤት ገባ። መጭመቂያው ላይ ከአባቱ ጋር አብሮ ይሠራል፤ ከሥራ ውጭ ግን አያናግራቸውም። የከተማዋ ወጣቶች የተደፈነውን የበሩን ግማሽ አፈረሱ፤ የገንዳውንም አፎች ጠረጉ። ሐምዳ በሰው ተይዘው መጥተው ገንዳውን በእጃቸው ዳበሱት።

ሰዎቹ ቤቱን እንዲጠብቁ ሸኽ ዙሀይርን ለመኑ። ከእሳቸው የተሻለ ማን አለ? እሳቸው ግን እምቢ አሉ። "አያቴም የጀመሩት በጠባቂነት ነው" አሏቸው። በምትካቸው የቀድሞው ሙአዚን ሚስት የነበሩት፣ ልጅ የሌላቸው፣ ማረፊያም ያልነበራቸው አንዲት ሴት ተሾሙ። ሸኽ ዙሀይር ከዚያ በኋላ ወደዚያ ግቢ ሲገቡ እንደ ማንኛውም ሰው አስፈቅደው ነበር የሚገቡት።

የታደሰው ቤት የመጀመሪያ እንግዳ ራሱ አብዱረሂም ሆነ። እግሩ እስኪድን ክረምቱን እዚያው ከረመ። ዝናብ ሲዘንብ በዚያ ሰፊ ቤት ብቻውን ተቀምጦ፣ ከታች ከመጭመቂያው ክፍል የሚወጣውን ቀጭን ጭስ እያየ ምግቡን ሳይጨርስ ያስቀምጠው ነበር። አንዳንድ ሰውም በመንገድ ሲያገኘው ፊቱን ያዞርበታል። የመንገደኛ ቤት ለከፈተላቸው ሳይሆን ሽማግሌያቸውን ላፈናቀለባቸው ሰው የሚሰጥ ሰላምታ ነበር የሚሰጡት። ሸኽ ዙሀይር ይህን ሲያውቁ ሁልጊዜ ከጁሙዓ በኋላ እጁን ይዘው በገበያው መሀል አብረውት መሄድ ጀመሩ። እጁን መያዛቸው በቃ።

ረመዳን ገብቶ ወጣ። የዒድ ዕለት ሸኽ ዙሀይር ከሶላት ተመልሰው ዝቅ ባለው በራቸው ላይ እንደተቀመጡ ጋሊብ ልጆቹን አስከትሎ መጣ። ጎንበስ ብሎ የአባቱን እጅ ሳመ።

"አባቴ፣ አሁንም ትክክል ነበሩ ብዬ አላምንም" አላቸው።

"መምጣትህ ይበቃኛል" አሉት። ልጆቹን ተራ በተራ ሳሟቸው። ኡሙ ጋሊብ ቀድመው የጋገሩትን ተምር የተሞላ ቂጣ አወጡ፤ ያን ቀን በጠባቡ ክፍል መቀመጫ ጠፍቶ ልጆቹ ማሰሮ ላይ ተቀመጡ።

የጸደይ ወራት ሲገባ ከደማስቆ ወደ አል-ቁድስ የሚሄዱ መንገደኞች በከተማዋ አለፉ፤ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ በዚያ ቤት አደሩ። አብዱረሂምም አብሯቸው ሊሄድ ተነሳ። ከመሄዱ በፊት ሸኽ ዙሀይርን ሊሰናበት ወረደ። ዳቦ በዘይት አቀረቡለት፤ አብረው በሉ። ክረምቱን ሙሉ ሊጠይቃቸው እየፈለገ ያልደፈረውን ያኔ ጠየቃቸው።

"ያ ሸኽ፣ ያን ቀን እግሬ ባይመጣ ኖሮ በቤትዎ ያረጁ ነበር። ከቤቱ መውጣት እንዴት ሆነልዎ?"

ሸኽ ዙሀይር ጣታቸው ላይ የቀረውን ዘይት በዳቦ ጠረጉ።

"ቤቱ አልከበደኝም" አሉ። "የከበደኝ ሌላ ነው። እድሜ ልኬን የገዛ በራቸውን እየከፈትኩላቸው ሲያመሰግኑኝ ኖርኩ። ምስጋናውን መመለስ አልችልም፤ ቤቱን ግን ቻልኩ።"

አብዱረሂም ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። አል-ቁድስ ደረሰ፣ በአቅሷ መስጂድ ሰገደ፣ ከዓመታት በኋላ አገሩ ገባ። ወደዚያች ከተማ ግን አልተመለሰም፤ የሸኹንም መጨረሻ አልሰማም። አላህ ሁሉንም ይማራቸው።

ይህን ታሪክ በተለያዩ መጅሊሶች ተናግሬዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ተነስተው "ልክ የነበረው ልጁ ጋሊብ ነው፤ ሸኹ ቤተሰባቸውን በከንቱ አስቸገሩ" አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። ሸኽ ዙሀይር ያደረጉትን ማንም ሰው፣ ማንም ቃዲ አላስገደዳቸውም፤ ስለዚህም ነው ሰው ሊከራከርበት የሚችለው። እኔ ግን የሸኹ የመጨረሻ ቃል ከአእምሮዬ አይወጣም።

የሰውን ንብረት በክፋት የያዘ ሰው ቢያንስ በደሉ ይታወቃል፤ አንድ ቀን ሊጸጸት ይችላል። የሰውን ንብረት በደግነት የያዘ ሰው ግን በምን ይነቃል? የቲም የቀሩትን የወንድሙን ልጆች መሬት እያረሰ በየመኸሩ እህል የሚሰፍርላቸው አጎት አለ፤ ልጆቹ አድገውም እጁን ይስማሉ፣ መንደሩም ይመርቀዋል። መሬቱ የእነሱ መሆኑን ሁሉም ረስቷል፤ እሱ ራሱ ረስቷል። የጀመዓውን ቤት ቁልፍ ለጊዜው ተቀብሎ፣ ሳይመልስ ሸምግሎ የሞተ ሰው አለ። ሲሰጥ የኖረው የራሱን እንዳልነበረ ሳያውቅ፣ የሰጪነት ክብር ለብሶ ይሄዳል። ምርቃቱ ደግሞ ይጣፍጣል፤ ሰው ከምርቃት ውስጥ ተነስቶ "ይህ የማን ነው?" ብሎ አይጠይቅም። ሸኽ ዙሀይር ግን አህያቸውን ጭነው፣ መልሱን ወደሚያውቁት ሴት ደጅ ሄደው ጠየቁ። ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ነገር ከቤቱ መውጣታቸው አይደለም። እዚያ ደጅ ላይ መቀመጣቸው ነው። ሐምዳ ባይጠየቁ ኖሮ ዝም ብለው ይሞቱ ነበርና።

አማናን፣ አደራን፣ ለባለቤቱ እንድንመልስ ታዘናል። ከመመለስ በፊት ግን ማወቅ አለ፤ ከማወቅም በፊት መጠየቅ። አላህ የሰው የሆነውን በእጃችን ይዘን የሰጪ ስም ተሸክመን ከመሄድ ይጠብቀን፤ ጠይቀን ለመስማትም፣ ሰምተን ለመነሳትም ጉልበቱን ይስጠን።